የመሳቢያው ገንዘብ የማን ነው?

(ስለ አነስተኛ ንግድ አጀማመር ለደመወዝተኞች በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ደመወዝ ተቀባይ የሆነ ሰው በወሩ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ሲደርስ አንድ አሳብ በልቡ ይመላለስበታል። ይኸውም «ከደመወዜ ጎን አንዲት ትንሽ ሱቅ ብትኖረኝ» የሚል ነው። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ኑሮ እየተወደደ በሄደበት በዚህ ዘመን የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ፥ የቤት ኪራዩንና የዕድሩን መዋጮ በአንድ ደመወዝ ለማድረስ የሚታገል አባወራ ወይም እማወራ ሌላ የገቢ በር ቢፈልግ ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንደምናየው ሱቁ ይከፈታል፤ ዘመድ ወዳጅ ተጠርቶ ዳቦ ይቈረሳል፤ ዓመት ሳይሞላውም በሩ ይዘጋና ከብዙ ዓመት ቍጠባ የሚተርፈው አንድ መደርደሪያና አንድ ሚዛን ይሆናል። ባልና ሚስትም «አንተ ነህ፥ አንቺ ነሽ» ሲባባሉ ይከርማሉ።

ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው። ስለ ትልቅ ሀብት አልናገርም፤ ሚሊዮን ስለሚያስገኝ ዘዴ የሚናገሩ ሌሎች ሞልተዋል። የእኔ ነገር አነስ ያለ ነው። በሱቁ መሳቢያ ውስጥ የሚገኘው ገንዘብ የማን እንደ ሆነ ለይቶ ስለ ማወቅ ነው። በነጋዴ ቤት ያደገ ልጅ ይህን ያለ አስተማሪ ይማረዋል። ለመንግሥት ሠራተኛ ግን እንግዳ ነገር ነው። ደመወዝ ከተቀበሉት በኋላ እስከ መጨረሻዋ ሣንቲም ድረስ የራስ ነው፤ ቢበሉትም በሚመጣው ወር ይተካል። የሱቅ ገንዘብ ግን አንዴ ከተበላ የሚተካው የለም።

ከገጠር የመጣችሁ ታውቁታላችሁ። ገበሬ ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲራቈት ለዘር ያስቀመጠውን እህል አይነካም። ልጆቹ በቀን አንድ ጊዜ ቢበሉ፥ እርሱም ከጎረቤት ቢበደር፥ ያችን የዘር ቍና እንደ አደራ ይጠብቃታል፤ ዘሩን የበላ ገበሬ የሚመጣውን ዓመት ምርት መብላቱ ነውና። በሱቅ መሳቢያ ውስጥ ከሚገባው ከየመቶው ብር ሰማንያው ወይም ዘጠናው እንዲህ ያለ ዘር ነው። ችግሩ የገንዘብ ዘር ከሚበላው እህል በመልክ የማይለይ መሆኑ ነው። ሁሉም ያው ብር ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ ሥራ ለምሳሌ እንያዝ፤ የባልትና ሱቅ ይሁን። በርበሬና ሽሮ፥ ሚጥሚጣና ቅመማ ቅመም የማይገባበት ቤት የለም። ሥራው ትልቅ መኪና አይጠይቅም፤ ወፍጮው በሰፈር አለ። ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ ዕውቀቱ በየቤታችን ይገኛል፤ ባልትና የሚለው ቃል ራሱ የቤት ሙያ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ከእናቶቻችን የምናገኘውን ይህን ሙያ እንደ ሙያ አንቈጥረውም። በእኔ አስተያየት ግን አንድ ሰው ገንዘቡን በማያውቀው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ላይ ከሚያፈስ ይልቅ በሚያውቀው በርበሬ ቢጀምር ይሻለዋል። ስለ ንግድ አመራረጥ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም።

በሩ ከመከፈቱ በፊት ግን የቢሮ ሰዎች በመሆናችን ልንዘነጋቸው የማይገቡ ነገሮች አሉ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ የሚመራው በአዋጅ ቍጥር 980/2008ና በማሻሻያው ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር፥ የንግድ ምዝገባ፥ የንግድ ፈቃድ፥ ሥራው ምግብ ነክ በመሆኑም የጤና ተቈጣጣሪዎች የሚጠይቁት ማረጋገጫ በየተራው ይሟላል። የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979/2008 በ2017 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለ፥ የቆየ ነጋዴ ወዳጃችሁ በቃል የሚነግራችሁን የግብር ደረጃ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ከወረዳው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ራሳችሁ ጠይቁ። ከጥያቄው በፊት ኪራይ አትክፈሉ።

ከፈቃዱ ይልቅ የሚያሳስበው የመሥሪያ ቤታችሁ ጉዳይ ነው። ለራሳችሁ መሥሪያ ቤት ዕቃ ማቅረብ፥ በእጃችሁ ጉዳይ ላለው ባለጉዳይ መሸጥ፥ በሥራ ሰዓት ሱቅ መጠበቅ፥ የመንግሥትን መኪና ለበርበሬ ጭነት ማዋል፥ ከነዚህ አንዱ እንኳ ከሱቁ ትርፍ ይልቅ የሚበልጠውን እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ የሥራ ደንባችሁን አንብቡ፤ ፈቃድ የሚያሻ ከሆነ በጽሑፍ አግኙ። «በባለቤቴ ስም ባወጣው ማን ያውቀኛል?» የሚሉ አሉ። በባለቤት ስም መክፈት ነውር የለበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የምትሠራው ወይም የሚሠራው ባለቤት ነውና። ለመደበቂያ ከሆነ ግን አይደብቅም። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቍጥር 668/2002 የሚመለከተው ሠራተኛ የቤተ ሰቡንም ሀብት እንዲያስመዘግብ ያዛል። የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም፥ ማለት አዋጅ ቍጥር 213/1992፥ ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብት ያደርገዋል። እንግዲህ ሱቁ የማንም ስም ቢለጠፍበት የሁለታችሁ ነው፤ ኪሣራውም እንደዚያው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አቅርቡ። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ እናንተ በዚያ ሳምንት ገበያ ወጥታችሁ ያገኛችሁትን ዋጋ ትተኩበታላችሁ።

አንድ ሰው 100 ኪሎ ዛላ በርበሬ ኪሎውን በ300 ብር ገዛ እንበል፤ 30,000 ብር ሆነ። ለነጭ ሽንኵርቱ፥ ለዝንጅብሉ፥ ለኮረሪማው፥ ለነጭና ለጥቍር አዝሙዱ፥ ለበሶብላውና ለጨው 8,500 ብር አወጣ። ይህ ሰው በልቡ ሲያሰላ «38,500 ብር ለ100 ኪሎ ሲካፈል ኪሎው 385 ብር ነው፤ በ500 ብር ብሸጠው በኪሎ 115 ብር አተርፋለሁ» ይላል። ደስ ብሎትም ያድራል።

ነገር ግን በርበሬው ሲቀነጠስ ጭራው ይወጣል፤ የሻገተውና የነጣው ተለቅሞ ይጣላል፤ 12 ኪሎ ሄደ እንበል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅና ሲወቀጥ ሌላ 6 ኪሎ ይቀንሳል። ቅመሙ ደርቆ ሲገባበት 14 ኪሎ ይመልሳል፤ በወፍጮ ቤት ደግሞ አንድ ኪሎ ያህል ይቀራል። የተገኘው የተፈጨ በርበሬ 95 ኪሎ ነው። ለቀንጣሾቹ 3,000፥ ለወፍጮ 1,000፥ ከገበያ ለማጓጓዣ 1,200፥ ለማሸጊያ ከረጢት 800 ብር ወጥቷል። ድምሩ 44,500 ብር ነው፤ ለ95 ኪሎ ሲካፈል ኪሎው 468 ብር ያህል ይወድቃል።

ገና አላለቀም። ሱቁ በወር 6,000 ብር ይከራያል፤ ለሻጯ 4,000 ብር ይከፈላታል እንበል። በርበሬው በአንድ ወር ተሸጦ ቢያልቅ ጠቅላላው ወጪ 54,500 ብር ነው። በ500 ብር ሂሳብ ከ95 ኪሎ የሚገኘው 47,500 ብር ነው። ጕድለቱ 7,000 ብር መሆኑ ነው። በኪሎ 115 ብር አተርፋለሁ ያለው ሰው ለደንበኛው በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ከራሱ ኪስ 74 ብር ያህል ጨምሮ ሰጥቷል። ሽያጩ ሁለት ወር ቢፈጅበት ደግሞ ኪራዩና የሻጯ ደመወዝ እጥፍ ስለሚሆን ጕድለቱ 17,000 ብር ይደርሳል። የመብራቱን፥ የግብሩንና የራሱን ድካም አልቈጠርንም። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በዚህ ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ መሳቢያው ባዶ ሆኖ አላየውም። ደንበኛም አላጣም፤ እንዲያውም ርካሽ በመሆኑ ወረፋ ነበረው።

ሂሳቡን ወደ ሌላው ጎን እናዙረው። ኪሎውን በ620 ብር መሸጥ ቢቻል ከ468 ብሩ በላይ 152 ብር ይተርፋል። ለኪራይና ለሻጯ የሚያስፈልገው 10,000 ብር በ152 ሲካፈል 66 ኪሎ ያህል ይሆናል። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ 66 ኪሎዎች የባለቤቱ አይደሉም፤ የአከራዩና የሻጯ ናቸው። የባለቤቱ የሚሆነው ከቀሩት 29 ኪሎዎች የሚገኘው 4,400 ብር ያህል ብቻ ነው። 66 ኪሎ በ26 የሥራ ቀን ሲከፈል በቀን ሁለት ኪሎ ተኩል ይመጣል። ሱቅ ለመከራየት ከመፈራረማችሁ በፊት ይህችን አንዲት ቍጥር በእጃችሁ ያዙ። ከዚያም በዚያ መንገድ በሥራ ቀን አንድ ጊዜ፥ በቅዳሜም አንድ ጊዜ ቆማችሁ ተመልከቱ። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ደንበኛ ነው ብላችሁ አትቍጠሩ። ታክሲ ለመያዝ የሚሮጥ ሰው በርበሬ አይገዛም፤ አስቤዛ ይዛ ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት ግን ትቆማለች። በአካባቢው ያሉት የባልትና ሱቆች በቀን ስንት ኪሎ እንደሚሸጡ አይነግሯችሁም፤ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አንድ ረፋድ የቆመ ሰው ግን ይገምተዋል።

ስለ ቤት ኪራይ ሁለት ነገር ልጨምር። የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚቈጣጠረው አዋጅ ቍጥር 1320/2016 እንደ ስሙ የመኖሪያ ቤት ሕግ ነው። ሱቅ የተከራየ ሰው ያ ሕግ ይጠብቀኛል ብሎ አይዘናጋ፤ የሚጠብቀው ውሉ ነው። ስለዚህ ዘመኑን፥ የኪራይ ጭማሪውንና የቅድሚያ ክፍያውን መመለሻ ሁኔታ በጽሑፍ አስፍሩ። ሁለተኛው፥ በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ መንገዶች ሰፍተው በዳር የነበሩ ሱቆች ተነሥተዋል። የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከመክፈል በፊት ስለ መንገዱ ፕላን ወረዳውን መጠየቅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

አሁን መሳቢያውን እንክፈተው።

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና ባለቤቱ በአንድ ትምህርት ቤት አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍተው ነበር። መስከረም ሲጠባ ደብተሩ፥ እስክርቢቶው፥ የደብተር ሽፋኑ እንደ ጕድ ተሸጠ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሁለቱ ደመወዝ ብዙ እጥፍ የሚሆን ብር በእጃቸው ገባ። ብሩ ሲገባ ደግሞ ጥያቄው ይበዛል። የራሳቸው ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ፤ መስቀል መጣ፤ የእኅትየው ሠርግ ለጥቅምት ተቈረጠ። ሁሉም የሚገባ ወጪ ነበር፤ በመጠጥ ወይም በከንቱ የጠፋ አንድ ብር የለበትም። ኅዳር ላይ ግን መደርደሪያው ባዶ ሆነ፤ የጅምላ ነጋዴው ዘንድ የሚወሰድ ገንዘብ አልነበረም። ሰዎቹ የከሰሩት ስላልሸጡ አይደለም፤ በሚገባ ሸጠዋል። በመሳቢያው ያለውን ሁሉ ገቢያቸው ነው ብለው ስላሰቡ ነው።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ለሱቁ የተለየ የባንክ ሂሳብ ይከፈት፤ የዕለቱ ሽያጭ ሳያድር ወይም በማግሥቱ ይግባ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር በመምጣቱ ብዙ ደንበኛ በስልክ ይከፍላል፤ ስለዚህ የሱቁ የስልክ ቍጥር ከባለቤቱ የግል ቍጥር የተለየ ይሁን። አለዚያ የበርበሬው ገንዘብ ለታክሲና ለምሳ ሲወጣ ማንም አያየውም። ለቤት አንድ ኪሎ ሽሮ ሲወሰድ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይከፈል፤ ካልተከፈለም «ለቤት» ተብሎ ይጻፍ። በሱቁ የሚሠራው የትዳር ጓደኛ በወር የተቈረጠ ደመወዝ ይኑረው፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በቀኑ ይሰጠው። ደመወዝ የማይከፈለው ሠራተኛ፥ ሚስትም ብትሆን ባል፥ ውሎ አድሮ ከመሳቢያው ማንሣቱ አይቀርም፤ ቢያነሣም አይፈረድበትም።

መዝገቡ ደግሞ አራት ዓምድ ይበቃዋል፤ ቀን፥ ገቢ፥ ወጪ፥ ቀሪ። በወሩ መጨረሻ ሱቁ ተዘግቶ በመደርደሪያ ያለው ዕቃ ይቈጠር፤ ኪሎው ተመዝኖ በመግዣ ዋጋው ይጻፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግና በአዋጅ ቍጥር 1243/2013 የተተካው አዲሱም ስለ ሂሳብ መዝገብ በሰፊው ደንግገዋል፤ ነገር ግን መዝገቡን የምትይዙት ለሕግ ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ የሚያስገርመኝ ሰው አለ። የመንግሥትን ንብረት ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት እርሳስ ሳያጐድል በመዝገብ ሲቈጣጠር የኖረ ንብረት ክፍል ሹም የራሱን ሱቅ ሂሳብ በጭንቅላቱ ይይዛል። ሌላው ነጋዴ የሌለውን ሙያ ይዞ ሳለ ከቢሮው በር ላይ ጥሎት ይወጣል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል የለም? ወረቀት ይያዝላችሁ።

ቀጥሎ ከዘር እህሉ ምሳሌ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የዋጋ መለዋወጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ነጋዴ በ40 ብር የገዛውን ደብተር በ50 ብር ሸጦ «10 ብር አተረፍሁ» ቢል፥ የጅምላው ዋጋ በዚያው ሳምንት 60 ብር ገብቶ ከሆነ አላተረፈም፤ ከአሥር ደብተር ሸጦ ስምንት ብቻ ይመልሳል። ዕቃው እየቀነሰ፥ በወረቀት ላይ ያለው ትርፍ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋ የሚቈረጠው በገዛችሁበት ብቻ ሳይሆን መልሳችሁ በምትገዙበት ዋጋ ነው። በርበሬንም የሚያውቁ ሰዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያደርጉታል፤ አዲሱ ምርት ገበያ ሲሞላ ገዝተው ያስቀምጣሉ፤ በክረምቱ ውድነት ጊዜ የሚሸጡትም የመተኪያውን ዋጋ እያሰቡ ነው። ይህን ማስረዳት ሳይቻል ቀርቶ ደንበኛ ቢያጕረመርም ይታገሡታል።

ከሁሉ የከበደው ግን ዱቤ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኛም ከማንም ይልቅ ይከብደዋል። የመጀመሪያ ደንበኞቻችሁ የሥራ ባልደረቦቻችሁ ናቸውና። ወይዘሮ እገሌ ከጎናችሁ ጠረጴዛ ተቀምጠው «እስከ ደመወዝ ሁለት ኪሎ በርበሬ ይላኩልኝ» ሲሉ እምቢ ማለት የሚችል ማን ነው? አለቃ ከሆኑማ አይሞከርም። ወሩ ሲያልቅ ደመወዙ ይወጣል፤ በዚያው ቀን ግን ዕቍብ፥ ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ቀድመው ይጠብቁታል። የበርበሬው ዕዳ «ለእርስዎማ ምን ችግር አለው» ተብሎ ወደሚመጣው ወር ይሸጋገራል። ባለ ሱቁ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ባለ ዕዳው ለመገናኘት ያፍራል፤ በመጨረሻ ገንዘቡም ወዳጅነቱም ይጠፋል። ከላይ በተመለከትነው ሂሳብ ከ620 ብሩ ውስጥ 468ቱ ዘር ነውና፥ አንድ ኪሎ በዱቤ ሄዶ ቢቀር እርሱን ለመተካት ሌሎች ሦስት ኪሎዎች ያለ ትርፍ መሸጥ አለባቸው።

ዱቤ ጨርሶ ይከልከል ብል ማንም አይሰማኝም፤ በአገራችን ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ዱቤን ፈጽሞ መከልከል አይቻልም። ይልቅስ ከመጀመሪያው ቀን ወሰን ይበጅለት። ለዱቤ የሚውለው ጠቅላላ ገንዘብ ይወሰን፤ ያ ሲሞላ የሚቀጥለው ጠያቂ የግድ ይጠብቃል። ደንቡን የሚነግረው ሻጯ ትሁን፤ እናንተ በቢሮ ስትጠየቁ «የሱቁን ነገር እርሷ ናት የምታውቀው» ብትሉ ውሸት አይደለም፤ ፊታችሁንም ያድናል። የዱቤው ደብተር ላይ ተበዳሪው ራሱ ይፈርም። የበታቾቻችሁ ለሆኑ ሠራተኞች ግን በዱቤ አትሽጡ፤ በእጅ በእጅ እንኳ ለመሸጥ አትጋብዟቸው። የበታች ሠራተኛ ከአለቃው ሱቅ የሚገዛው በርበሬው ስለ ጣፈጠው ይሁን ስለ ፈራ አይታወቅም።

መነሻ ገንዘብ ከየት ይምጣ? ብዙዎቻችን ወደ ዕቍብ እናያለን፤ መልካም ነው። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 2,000 ብር የሚጥሉበት ዕቍብ ለደረሰው ሰው 40,000 ብር ይሰጣል። ነገር ግን የዕጣው ተራ ልዩነት አለው። በመጀመሪያ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፤ በሃያኛው ሳምንት የሚወጣለት ግን ለሌሎቹ ሲያበድር ከርሞ ገንዘቡን የሚቀበለው ዋጋ ከጨመረ በኋላ ነው። ስለዚህ ለንግድ የገባችሁበት ዕቍብ ከሆነ ዳኛውንና አባላቱን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ በተራ መለዋወጥ በብዙ ዕቍብ የተለመደ ነው። ከዚህ በላይ የምጠነቀቅበት ግን የዕቍቡ ክፍያ ከየት እንደሚወጣ ነው። ከደመወዛችሁ ይውጣ እንጂ ከመሳቢያው አይውጣ። ከመሥሪያ ቤታችሁ የቍጠባና ብድር ማኅበርም ሆነ ከባንክ ስትበደሩ ያው ሚዛን ይሠራል፤ ሱቁ አንድ ብር ባያስገባ ወርኃዊ ክፍያውን በደመወዜ ብቻ መክፈል እችላለሁን? መልሱ «አልችልም» ከሆነ ብድሩ ይቀነስ ወይም ይቅር። ያልተፈተነ ሱቅ የልጆችን ምሳ መያዣ አድርጎ አይከፈትም።

ሱቁን ማን ይጠብቀው? እናንተ በቢሮ ናችሁ። በብዛት የሚታሰበው ከገጠር የመጣ የወንድም ልጅ ወይም የባለቤት እኅት ነው። ዘመድ ታማኝ ነው፤ ነገር ግን ደመወዝ ሳይቈረጥለት፥ «ቤተ ሰብ ነህ» ተብሎ በምግብና በልብስ ብቻ የሚውል ወጣት በሁለት ዓመት ውስጥ ወይ ይሰላቻል ወይ የራሱን መንገድ ያበጃል። ቢቻል የማታ ትምህርቱንም አስቡለት። በማንኛውም ሁኔታ ማታ ማታ ሽያጩን ከዕቃው ጋር አስተያዩ፤ ይህ ለእርሱም መከላከያው ነው፤ ያልተቈጠረ ዕቃ የጐደለ ቀን ከእርሱ በስተቀር የሚጠረጠር የለምና።

ስለ ዕቃው ጥራት ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ የቤት እመቤቶች ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። ለሚዛን ክብደት ሲባል እርጥበት የቀረበት በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታውም በዓይን ባይታይ እንኳ ለጕበት ጠንቅ የሆነ መርዝ ሊያበቅል ይችላል። ባዕድ ነገር ቀላቅሎ የሚሸጥማ በደል ብቻ ሳይሆን ወንጀል ነው። ንጹሕ በርበሬ መሸጥ በእርግጥ ያስወድዳል። ይሁን እንጂ አዲስ ሱቅ ከአሮጌው ጋር በርካሽነት ሊወዳደር አይችልም፤ አሮጌው በጅምላ ይገዛል፥ ቤቱም የራሱ ይሆናል። የእናንተ መወዳደሪያ አንዲት ሴት «የዚያ ቤት በርበሬ ወጥ አያቀጥንም» ብላ ለጎረቤቷ የምትናገራት ቃል ናት። እርሷን ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመላልሳ መግዛት አለባት፤ ስለዚህ ጣዕሙ በየወሩ አንድ ዓይነት እንዲሆን የቅመሙን ልክ በግራም ጽፋችሁ አኑሩ።

በመጨረሻ የሚነገር ነገር አለኝ፤ እርሱም ከመክፈቱ ይልቅ ስለ መዝጋቱ ነው። ከሱቁ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ «ከዚህ ገንዘብ በላይ አንጨምርም» የምትሉትን ወሰን በወረቀት ጽፋችሁ ፈርሙ። ለምሳሌ መነሻው 80,000 ብር ከሆነና ከስድስት ወር በኋላ ባደረጋችሁት ቈጠራ ዕቃውና በባንክ ያለው ገንዘብ ተደምሮ ከ50,000 ብር በታች ከሆነ እንደምትዘጉ አሁኑኑ ተስማሙ። በኪሣራ ውስጥ ሆኖ መወሰን አይቻልም፤ ሰው የሚመጣው ወር ይሻላል እያለ ደመወዙን፥ የወርቅ ጌጧን፥ በመጨረሻም የዘመድ ገንዘብ ይጨምርበታል። ለመዝጋት ከወሰናችሁም በሩን ቈልፋችሁ ብቻ አትሂዱ። ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት የግብር ክሊራንስ ወስዳችሁ የንግድ ፈቃዱን ለሰጣችሁ መሥሪያ ቤት መልሱ፤ የመመለሻውንም ደብዳቤ ከልደት ካርድና ከጋብቻ ወረቀት ጋር አስቀምጡት። ፈቃዱ ሳይመለስ የተዘጋ ሱቅ በመንግሥት መዝገብ ላይ እንደ ተከፈተ ስለሚቈጠር፥ ከሦስት ዓመት በኋላ ከነቅጣቱ የግብር መጥሪያ ሊመጣበት ይችላል። ሚዛኑንና መደርደሪያውን በዚያው ሳምንት ሽጡ፤ በቆየ ቍጥር ዋጋው ይወርዳል፤ የተሸጠበትንም ገንዘብ በመዝገቡ የመጨረሻ መስመር ላይ «ገቢ» ብላችሁ ጻፉት።